መርዶ ይዤ ወደ ዳላስ

ከተመለስኩ ወዲህ ኮምቦልቻ ውስጥ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «አሜሪካ እንዴት ናት?» ይለኛል። ስለ ሕንፃው እንድነግረው ነው የሚፈልገው። ሕንፃ አይቻለሁ፤ ረጅም ነው፤ በቃ። እኔን ያስቸገረኝ ሌላ ነገር ነበር። እሱንም ለእያንዳንዱ ሰው መንገድ ላይ ቆሜ ከማወራ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ለማያውቀኝ ሰው፣ ተሰማ እባላለሁ። ጎልማሳነቴን የጨረስኩት አሰብ ወደብ ላይ የፖስታ ቤት ኃላፊ ሆኜ ነው። ቤቱን የሠራው ጣሊያን ነው፤ አሰብን ቅኝ ይዞ በነበረ ጊዜ። ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ፊት ለፊቱ ደረጃና በረንዳ አለው፤ ጣሪያው ላይ ደግሞ የባንዲራ እንጨት ተተክሏል። የደብዳቤ መርከብ ወደቡ ስትገባ የጣሊያን ጊዜ ሠራተኞች እዚያ እንጨት ላይ ቀይ ጨርቅ ይሰቅሉ ነበር። እኛም ልማዱን ሳንተው ቆየን። ከተማው ቀዩን ጨርቅ ሲያይ ሥራውን ጥሎ በረንዳችን ሥር ይሰበሰባል። አሰብ ውስጥ የመንገድ ስም፣ የቤት ቁጥር የሚባል ነገር የለም። ፖስታው ላይ «ለአቶ እገሌ፣ አሰብ» ተብሎ ይመጣል፤ የቀረውን እኛ እናውቃለን። ደረጃው ላይ ቆሜ ስም እጠራለሁ፤ ባለቤቱ «አለሁ» ይላል፤ ከሌለ ጎረቤቱ ይወስድለታል። ሙቀቱ ቴምብሩን እርስ በርሱ ያጣብቀዋል፤ የማሸጊያው ሰም እንደ ማር እየፈሰሰ አልደርቅ ይላል። እኛም አንዳችን እያራገብን፣ አንዳችን እያሸግን ነበር የምንሠራው።

ከሥራው ሁሉ የሚከብደው ግን የሞት ቴሌግራም ነበር። አሰብ ያለው ሰው ሁሉ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከሸዋ ጨው ሊያመርት፣ መርከብ ሊያራግፍ የወረደ ነው። አገር ቤት እናቱ ስትሞት ወሬው በሽቦ ይደርሰናል። ደንቡ «ቶሎ ለባለቤቱ ስጥ» ይላል። እኛ እንዲህ ያለውን ቴሌግራም ለባለቤቱ ሰጥተን አናውቅም። ሰው ጆንያ ተሸክሞ እያለ፣ ብቻውን፣ በጠራራ ፀሐይ ወረቀት ሰጥተህ «እናትህ ሞተች» ትለዋለህ? ቴሌግራሙን መሳቢያዬ ውስጥ አድርጌ ሰይድን እጠራዋለሁ።

ሰይድ ሙሄ የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ደብዳቤ የሚለየው እሱ ነበር። ቴሌግራሙን ይዞ ይወጣና የሟቹን አገር ሰዎች ይፈልጋል፤ ሽማግሌ ያሰባስባል። ሥራው ጋብ ባለ ቀን፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሰውየው ቤት ይሄዱና ሰይድ ራሱ ይነግረዋል። ከዚያ ወደ ቢሮ ይመጣል። በሩ ላይ ኮፍያውን አውልቆ «ደርሷል» ይለኛል። እኔም «ግባና ውኃ ጠጣ» እለዋለሁ። ስለዚያ ነገር ሌላ ቃል አንነጋገርም። እዚያ ምን ብሎ እንደሚናገር ጠይቄው አላውቅም።

አሰብን ለቀን ከወጣን በኋላ እኔ ኮምቦልቻ ቀረሁ፤ ሰይድ በሱዳን በኩል ዞሮ ዳላስ ገባ። አሁን ታክሲ ይነዳል። ሚስቱ ፋጡማ የመሄጃ ወረቀቷ እስኪያልቅ እዚሁ ኮምቦልቻ አለች። እኔን ደግሞ ዳላስ አጠገብ ፕሌኖ የምትኖረው ልጄ ሰናይት «ና እየኝ» ብላ ትኬት ላከችልኝ። ልሄድ ስሰናዳ ነው የሰይድ እህት ከድጃ ያረፈችው። እናቱ በልጅነቱ ስለሞተች እሷ ናት ያሳደገችው።

ፋጡማ ቤቴ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። አልገባም አለች።

«እዚያ ብቻውን ነው ጋሼ» አለችኝ። «ስልክ ላይ ሰምቶ ቢወድቅ ማን ያነሳዋል? ‹ከድጃ ገጠር ወርዳለች› እያልኩ ይዤዋለሁ። ከእርስዎ አፍ ይስማው።»

«ይሁን» አልኳት። ሳላስብ ነው ያልኩት።

ሰኞ ማለዳ ከኮምቦልቻ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ጣርማ በር ላይ ብርዱ አጥንቴ ውስጥ ሲገባ ነው ነገሩ የገባኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ስንት መርዶ በእጄ አለፈ፤ አንድም ቀን እኔ ተናግሬ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ደብረ ብርሃን ሰው ሁሉ ምሳውን ሲበላ እኔ አውቶቡሱን እየዞርኩ ጎማ አይ ነበር። ሹፌሩ «አባት፣ ሜካኒክ ነዎት እንዴ?» አለኝ።

ማክሰኞ ማታ አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላን ገባሁ። ምግቡ ቀዝቃዛ ዳቦና ጣዕሙ የጠፋ ዶሮ ነው። አስተናጋጇ ጨዋ ልጅ ናት፤ መተላለፊያው ላይ ስመላለስ ደጋግማ ክንዴን ይዛ ወንበሬ ላይ አስቀምጣኛለች። ትሄዳለች፤ እነሳለሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው በመጨረሻ መረረውና የመተላለፊያውን ወንበር ለቆልኝ እሱ ወደ መስኮቱ ተሻገረ። እግዜር ይስጠው።

ረቡዕ ከሰዓት ዳላስ ደረስኩ። የምጠብቀው ሰናይትን ነው። በሩ ተከፍቶ ስወጣ ግን ከሰው መሐል «አቶ ተሰማ፣ አሰብ!» የሚል ድምፅ ተጣራ። ሰይድ ነው። ጠጉሩ ሸብቷል፤ ሆድ አውጥቷል፤ ሳቁ ግን ያው ነው።

«አለሁ» አልኩት፤ ሌላ ምን እላለሁ?

«ሰናይት ሺፍት ላይ ነች። እኔ ፒክ አደርጋቸዋለሁ አልኳት» አለና ሻንጣዬን ነጠቀኝ። መርዶውን አስቀድሜ በስልክ ነግሬያት ነበር፤ ሰናይት ኋላ እንደነገረችኝ፣ አይሆንም ብትለው ይጠረጥራል ብላ ፈርታ ነው የተወችው።

ከበሩ ስንወጣ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ልክ የአሰብ ሙቀት። ልዩነቱ እዚህ ሙቀቱ ሰው አያገኝም፤ ከቀዝቃዛ ቤት ወደ ቀዝቃዛ መኪና ይሮጣሉ። መንገዱ ሰፊ ነው፤ በላዩ ሌላ መንገድ፣ በዚያም ላይ ሌላ። ቀበቶውን አሰርኩ፤ ጠበቀኝ፤ ፈታሁት። መስኮቱን ከፈትኩ፤ ዘጋሁ።

«እታለም እንዴት ናት?» አለኝ ሰይድ። እህቱን እንዲያ ነው የሚጠራት።

«ገጠር ናት አሉ» አልኩት፤ ያኔ ቀበቶውን እንደገና እያሰርኩ ነበር። በመስታወቱ አየኝ። ከዚያ እስከ ፕሌኖ ስለ ነዳጅ ዋጋ ነው ያወራልኝ።

ሐሙስ ጠዋት ሰናይት ከሆስፒታል ገብታ አጠገቤ ቁጭ አለች። ነርስ ናት፤ ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል።

«ሶ አባዬ፣ ፕላኑ እሑድ ጠዋት ነው» አለችኝ። «ሽማግሌያችን ሐጂ ይማም ሁሉንም ሰው ኮል አድርገዋል። ቅዳሜ ብዙ ሰው ይሠራል፤ ማለቴ፣ ኦፍ የሚሆኑት እሑድ ነው። ሰይድም እሑድ ጠዋት አይነዳም። እስከዚያ ምንም እንዳትል። ኦኬ?»

መርዶ በፕሮግራም ሲሆን አልወደድኩትም። ግን እኛስ አሰብ ላይ መርከቡ ተራግፎ እስኪያልቅ እንጠብቅ አልነበር? «እሺ» አልኳት።

እሷ ስትተኛ ቤቱ ጠበበኝና ወጥቼ መራመድ ጀመርኩ። ፕሌኖ ውስጥ በእግሩ የሚሄድ ሰው የለም። ሣሩ ታጭዷል፤ ቤቱ ተሰልፏል፤ ሰው ግን ወዴት እንደገባ አይታወቅም። አንዲት ሴትዮ መኪናዋን አቁማ ጠፍቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አልጠፋሁም አልኳት። አላመነችኝም፤ ቀዝቃዛ ውኃ በፕላስቲክ ሰጥታኝ እቤት ድረስ በመኪናዋ ቀስ እያለች ተከተለችኝ።

ሰናይት በር ላይ ስደርስ ያን ሳጥን አየሁት። እያንዳንዱ ቤት ደጃፍ በእንጨት ላይ የቆመ የደብዳቤ ሳጥን አለው፤ ጎኑ ላይ ትንሽ ቀይ ባንዲራ። ደስ አለኝ። ብከፍተው ደብዳቤ መጥቷል። ሰናይት ስትነሳ እንድታየው ብዬ ባንዲራውን ሰቀልኩና ገባሁ። ቀይ ከተሰቀለ ደብዳቤ ገብቷል ማለት ነው፤ እኔ የማውቀው ይህን ነው።

አርብ ከቁርስ በኋላ በመስኮት ስመለከት የፖስታ መኪና ቆመ። አንዲት ወፍራም ጥቁር ሴት ሳጥኑን ከፈተች፤ የሰናይትን ደብዳቤዎች በሙሉ ጠቅልላ መኪናዋ ውስጥ አስገባችና ሄደች። በነጠላ ጫማ ተከትያት ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ ሌባ አባርራለሁ አላልኩም ነበር። ከሦስተኛው ቤት ደጃፍ ደረስኩባትና በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ጮህኩባት። ረጋ ብላ አስረዳችኝ። እነሱ ጋ ቀዩ የሚሰቀለው የሚሄድ ደብዳቤ ሲኖር ነው፤ ለመጣው አይደለም። የሰናይትን የስልክ ሒሳብና የባንክ ወረቀት ሁሉ እንዲላክ ሰቅዬው ነበር።

የድሮ የፖስታ ቤት ኃላፊ መሆኔን ስነግራት ከመኪናዋ ወርዳ ደብዳቤዎቹን መለሰችልኝና ጨበጠችኝ። መኪናዋን አሳየችኝ። መሪው በቀኝ በኩል ነው፤ ሳትወርድ እጇን ዘርግታ ሳጥኑ ውስጥ እንድትከት። የባለቤቶቹን መልክ ታውቂያለሽ ወይ ብላት ሳቀች፤ ውሻቸውን ነው የማውቀው አለች። የሞት ወሬ ሲሆንስ እንዴት ታደርጊያለሽ አልኳት። ያሸጉትን ስለማትከፍት እንደማታውቅ፣ ሁሉንም ሳጥኑ ውስጥ ጥላ እንደምትሄድ ነገረችኝ። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ከሳሙና ማስታወቂያ ጋር አብሮ ሳጥን ውስጥ ይወድቃል ማለት ነው። መርዶዬን እንዲህ ጥዬ መሄድ የምችል ቢሆን ብዬ ተመኘሁ፤ ወዲያው ደግሞ አፈርኩ።

አመሻሽ ላይ ሐጂ ይማም መጡ። የወሎ ሰው ናቸው፤ ዳላስ ውስጥ ትንሽ ሱቅ አላቸው፤ ሰው የሚሰማቸው ሽማግሌ ናቸው። ሻዩን እንኳ ሳይጨርሱ ለመንኳቸው።

«ሐጂ፣ እርስዎ ቢነግሩትስ? እኔ አልችልበትም።»

«የለም» አሉ። «ሚስቱ የሰጠችው ለእርስዎ ነው። እኛ ከኋላዎ እንቆማለን።»

ቅዳሜ ሰይድ ራሱ መጣና «ጋሼን ላዙራቸው» ብሎ ወሰደኝ። ሰናይት ከበሩ በዓይኗ አስጠነቀቀችኝ። መጀመሪያ ዴንተን ድረስ አንድ ተማሪ አደረስን፤ ከዚያ ምሳ አሳ ጋበዘኝ። ወንዝ አሳ ነው፤ በዱቄት ተጠብሶ ይመጣል። የአሰብን አሳ ከመርከበኞች ጋር እጃችን እየተቃጠለ እንበላው የነበረውን እያነሳ አሳቀኝ። ጨው አመጣለሁ ብዬ ተነሳሁ፤ ጨው ጠረጴዛው ላይ ነበር። እጄን ልታጠብ ብዬ ተነሳሁ።

«ጋሼ፣ አርፈው ይቀመጡ እንጂ» አለኝ ሰይድ በቀስታ።

ከዚያ ግሬፕቫይን ወዳለ ትልቅ ሱቅ ገባን። ጫማ ፈለገ። ሐኪም ቤት የሚሠሩ ሴቶች የሚያደርጉት ዓይነት፣ ነጭ፣ ለስላሳ፣ ሰፋ ያለ። እያንዳንዱን በአውራ ጣቱ እየተጫነ ሶሉን ሞከረ።

«የእታለም እግር ያብጣል» አለኝ። «ይወስዱልኛል አይደል?»

«እወስዳለሁ» አልኩት። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ። ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ ገንዘብ የምትቀበለው ልጅ «ቀጣይ» ብላ ጠራችው። ተውኩት።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ሰናይት ይዛኝ ሄደች። ሰይድ የሚኖረው ዳላስ ውስጥ ባለ ሁለት ፎቅ አፓርታማ ነው። ሰዉ መኪናውን ፓርክ አድርጎ፣ መብራቱን አጥፍቶ ይጠብቃል። ነጭ ነጠላ የለበሱ ክርስቲያኖች አሉ፤ ሶላታቸውን ሰግደው የመጡ ሙስሊሞች አሉ፤ አንዱ የሌሊት ሥራ ላይ አድሮ ዩኒፎርሙን እንኳ አልለወጠም። ደረጃውን ስወጣ ሐጂ ይማም ክርኔን ያዙኝ።

ሳላንኳኳ በሩ ተከፈተ።

ሰይድ ታጥቦ፣ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ፣ ኮፍያውን አድርጎ ቆሟል። ሶፋው ግድግዳ ተጠግቷል። ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ወንበር ተደርድሯል፤ ሻይ በፔርሙስ ቀርቧል። ከኋላዬ ያለው ሰው እርስ በርሱ ተያየ።

«ማን ነገረህ?» አሉ ሐጂ ይማም።

«ማንም» አለ ሰይድ። «አሰብ እያለን የሞት ቴሌግራም ሲመጣ ጋሼ ወንበር ላይ አይቀመጡም ነበር። የሚዛኑን ድንጋይ ያነሳሉ፣ ያስቀምጣሉ፤ መስኮት ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ሳይጠሩኝ ነው ኮፍያዬን የማነሳው። ረቡዕ መኪናዬ ውስጥ ቀበቶውን ሲያስሩ ሲፈቱ አየሁ። የማን እንደሆነ ያወቅሁት ስለ እታለም ስጠይቃቸው ነው።»

እኔ እኮ ይህን ሁሉ ዘመን ፊቴ ምንም አያሳይም ብዬ ነበር የምኮራው። ግን እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። አውቆታል፤ ተገላገልኩ አልኩ።

«ካወቅህማ...» ብዬ ጀመርኩ።

«አይ ጋሼ። ማወቅና መነገር አንድ አይደለም። ይንገሩኝ።»

«እንዴት እንደሚባል አላውቅም ሰይድ። አንተ ነበርክ የምትናገረው።»

ወንበር ሳበልኝ። «ይቀመጡ። መርዶ ቆመው አይናገሩም። መጀመሪያ ሙሉ ስሙን ይጥሩ። አለሁ እስኪል ይጠብቁት። ከዚያ ሳያዞሩ ይንገሩት» አለኝና ፊት ለፊቴ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ።

ከኮምቦልቻ ከወጣሁ ወዲህ ያን ጊዜ ነው ተረጋግቼ የተቀመጥኩት። አሰብ ደረጃው ላይ እንደምጠራው ጠራሁት።

«ሰይድ ሙሄ።»

«አለሁ።»

«እህትህ ከድጃ ሙሄ አርፋለች።»

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ። ከዚያ ጉልበቴ ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሐጂ ይማም ዱዓ አደረጉ፤ ሰዉ ሁሉ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ። ጩኸቱን የሰማች የጎረቤት አሜሪካዊት አሮጊት ተቆጥታ በሩን አንኳኳች። ሰናይት ነገረቻት። ሴትዮዋ ተመልሳ ሄደች፤ ቆየት ብላ የራሷን ወንበሮች እየጎተተች መጣች። ሦስቱንም ቀን እዚያች ወንበሯ ላይ ተቀምጣ አብራን ለቅሶ ዋለች፤ አንድ ቃል አይገባትም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜዬን በሰላም ጨረስኩ። ፕሌኖ ላይ ያችን ፖስተኛ ሳያት ሰላም እላታለሁ፤ እሷም ከሩቅ ባንዲራውን እያሳየች ጣቷን ትነቀንቅብኛለች።

ልመለስ ስል ሰይድ ኤርፖርት ወሰደኝ። ጫማውን በካርቶኑ ሰጠኝ።

«ረቡዕ አውቀህ፣ ቅዳሜ ለምን ገዛህ?» አልኩት።

«ሁልጊዜ ሰው ሲሄድ እገዛላት ነበር። ካሁን በኋላ አልገዛም። የመጨረሻዋን ልግዛላት ብዬ ነው» አለኝ። «እግሯ የሚያብጥ ሴት ኮምቦልቻ አትጠፋም። ለነፍሷ ብለው ይስጡልኝ።»

ኮምቦልቻ ገብቼ ብዙም አልፈለግሁ። መናኸሪያው በር ላይ ቆሎ የምትሸጥ ሴት አለች፤ እግሯ አብጦ የኮንጎ ጫማዋን ተረከዙን ቆርጣው ነው የምታደርገው። ካርቶኑን ሰጠኋት። ነጩን ጫማ ወዲያው አጠለቀችው፤ ቆማ እግሯን አየች፤ ለማታውቃት ሴት፣ ለከድጃ ነፍስ ዱዓ አደረገች። ስለ ከድጃ የነገርኳት ስሟን ብቻ ነው።

ከዚያው ወደ ቴሌ ሄጄ ዳላስ ደወልኩ። ሰይድ አነሳ።

«ደርሷል» አልኩት።



«ይግቡና ውኃ ይጠጡ፣ ጋሼ» አለኝ።